ሰባት ስም

የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጅ ገብረ ሊባኖስ ከአሜሪካ ሊመለስ ነው ሲባል የሰቆጣ ሰው ከሁለት አንዱን ጠበቀ፤ ወይ ነጭ ሚስት፣ ወይ በበቅሎ የተጫነ ብዙ ሣጥን። እሱ ግን በ1957 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ከቆረም ተነሥቶ፣ ሁለት ቀን በበቅሎ ተንገላቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ አንዲት የቆዳ ሻንጣ አንጠልጥሎ ገባ። አገሬው ጨዋ ነውና ቅሬታውን ዋጥ አድርጎ «እንኳን ለአገርህ አበቃህ» አለው። ምላሱን መያዝ ያቃተው አንዳንዱ ብቻ «ስድስት ዓመት ሙሉ ተምሮ ይችን ሻንጣ ነው ያመጣ?» ማለቱ አልቀረም።

ሻንጣዋ ውስጥ ዲፕሎማው፣ ሁለት ሙሉ ልብስ፣ ጥቂት መጻሕፍትና አንድ ያልተላከ ደብዳቤ ነበሩ። ስለ ደብዳቤው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኛም ጊዜው ሲደርስ እንደርስበታለን።

ደጃፉ ላይ እናቱ እመት ወለተ ሐና አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። አባቱ መሪጌታ ከሞቱ ሦስተኛ ዓመታቸው ስለነበር ልቅሶው የደስታም የሐዘንም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ ስሞት ሲያበቃ፣ ከማድቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ ተራዋን ስትጠብቅ አየ። እማዋይሽ ነበረች። ቀርባ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ብድግ አድርጎ ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳማት። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ገብረ ሊባኖስም ሰው እንዳየው አየና በራሱ ትንሽ ደስ አለው።

እማዋይሽ ማን እንደሆነች ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረውም የለም። እናቷን ጥሩሐረግን የገብረ ሊባኖስ አያት፣ የሰው ገበያ ገና ሳይከለከል፣ በሰባት ወይም በስምንት ዓመቷ ገዝተው አመጧት። ከየት እንደመጣች ልጅቱ ራሷ አታውቀውም፤ ጥሩሐረግ የሚለውን ስም እንኳ ያወጡላት ገዢዋ ናቸው። እማዋይሽ ከዚያው ቤት ተወለደች። ጠላት ከወጣ በኋላ አዋጁ ሲነገር መሪጌታ ጠርተው «ነፃ ነሽ፣ ወደምትወጂው ሂጂ» ቢሏት፣ «ወዴት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ቅኔ ሲቀኙ መልስ የማያጡት ሰው ለዚህች መልስ አጡላትና በዚያው ቀረች። ገብረ ሊባኖስን አዝላ ያሳደገችው፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ እያባበለች ያስተኛችው እሷ ናት። መልኳ ጠይም ነው፤ እንዲያውም ከሱ ትቀላለች። በዚህ አገር ግን ነገሩ የመልክ አይደለም፤ የአጥንት ነው።

ገብረ ሊባኖስ ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ ሲኖር ይህን ሁሉ ደጋግሞ አስቦታል። አስቦ አስቦም ከድሮው ቤቱ የተሻለ ሰው ሆኖ እንደተመለሰ ያምን ነበር። ይሁን እንጂ እናቱን «እርስዎ»፣ እማዋይሽን «አንቺ» ማለቱን አልተወም፤ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ እኩያ ናቸው። ያን ያህል መጽሐፍ አንብቦ ይህችን ልብ አላላትም።

እሱ ራሱ በየደረሰበት ስሙ የተለወጠበት ሰው ነው። ሰቆጣ ሳለ የመሪጌታ ልጅ ነበር። ደሴ ተማሪ ቤት ሲገባ ምላሱ ላይ ኽምጣንጋው እየተደነቀረ ስላስቸገረው ልጆቹ «አገው» እያሉ ሳቁበት። በሁለት ዓመት ምላሱን አርሞ መሳቂያ መሆኑ ቀረለት፤ ቀጥሎ ከላስታ የመጣ ሌላ ልጅ ሲሳቅበት ደግሞ አብሮ ሳቀ። አዲስ አበባ ሲደርስ ወሎዬ ተባለ። አሜሪካ ሲወርድ ግን አገውም፣ ወሎዬም፣ የመሪጌታ ልጅም መሆኑ ቀርቶ በአንዲት ቃል «ኔግሮ» ሆኖ አረፈው። ቃሏን መጀመሪያ የሰማ ዕለት ማንን እንደሚሉ ለማየት ዞር ብሎ ፈልጓል።

በአደገበት ቤት ጥቁር የሚባለው ሌላ ሰው ነው፤ የተሸጠ፣ የተገዛ፣ ከቆላ የመጣ ሰው። እኛ ጠይም ነን፣ የቀይ ዳማ ነን፣ ቢብስ ጠቆር ያልን ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ ከወተት ጋር ነው የጠጣው።

በኮሌጁ ክላረንስ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ የዚያው አገር ጥቁር፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ። እንግሊዝኛው ሲጠጥርበት የሚያስረዳው፣ በበዓል ብቻውን እንዳይውል እናቱ ቤት ወስዶ የሚያበላው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ገብረ ሊባኖስ ጠጉሩን ሊስተካከል ፈለገ። በዚያች ትንሽ ከተማ ያለው ጠጉር አስተካካይ አንድ ነው። ክላረንስ «እኛን አይቆርጡም፤ የሚመጣው ሳምንት እናቴ ሰፈር እወስድሃለሁ» ቢለው፣ «ና እንጂ፣ እኔ አለሁ አይደለም ወይ?» ብሎ ጎትቶ ይዞት ሄደ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ባለቤቱ ገና ከበሩ «ለኔግሮ አንቆርጥም» አላቸው። የገብረ ሊባኖስ ደሙ ፈላ። የፈላው ግን ሰውየው ሰውን በመልኩ ስላባረረ አይደለም፤ እሱን ከክላረንስ ጋር ስለቆጠረው ነው። ፓስፖርቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን አንበሳ እያሳየ፣ «እኔ ኔግሮ አይደለሁም፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ንጉሥ ያለው አገር ሰው ነኝ» አለ። ሰውየው ፓስፖርቱን ገለባበጠው፣ ከደንበኞቹ ጋር ተሳሳቀበት፣ በመጨረሻም «በል የንጉሥ አገር ሰው ከሆንክ ተቀመጥ፤ እሱ ግን ይውጣ» አለው።

ገብረ ሊባኖስ ተቀመጠ።

ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ሲታሰር ክላረንስ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ጓደኛው የሚነሣ መስሎት ይሆናል፣ ጥቂት ቆየ። ፊት ለፊት ባለው መስተዋት ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ በሩ ላይ ያለችው ቃጭል ጮኸችና ክላረንስ ወጣ። ሰኞ ጥዋት ክፍል ሲገናኙ ክላረንስ ዞሮ ማጅራቱን አየለትና «ጥሩ አድርጎ ቆርጦሃል» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። አልተቆጣውም፣ እናቱ ቤትም ዳግመኛ አልወሰደውም። ቢቆጣው ምን ነበረበት!

ከዚያ ወዲህ ገብረ ሊባኖስ ብዙ አነበበ፣ ብዙ ሰማ፣ ሰልፍም ወጣ። ሰው በቆዳውና በዘሩ መለየቱ ግፍ እንደሆነ ከልቡ አመነ። ሻንጣው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ግን «ወንድሜ ክላረንስ» ከምትለው መስመር አልፎ አያውቅም።

በመጣ በሳምንቱ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ እማዋይሽ መጥታ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተነሥቶ በርጩማውን ቢሰጣት እምቢ አለች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው።

ነገሩ የልጇ የታይቱ ነው። ታይቱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ አልፎ ሂያጅ ወታደር ነበር፤ ለእናትና ልጅ ስሙን እንኳ በቅጡ አልተወላቸውም። መሪጌታ በሕይወት ሳሉ «ትማር» ብለው ስድስተኛ ክፍል አስጨርሰዋት አሁን ከከተማው ክሊኒክ ፋሻ ታጥባለች፣ ለበሽተኛ ተራ ትሰጣለች። እዚያው ድሬሰር ሆኖ የሚሠራ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ አሥራተ ማርያም የሚባል ወጣት ወደዳት፤ ወደደችው። የልጁ አባት በጽጽቃ በኩል ርስት ያለው ባላገር ነው። ዓመት ሙሉ «አይሆንም» ሲል ከርሞ አሁን ልቡ ራርቶ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

«እሑድ ይመጣሉ» አለች እማዋይሽ። «እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩ ይላሉ፣ ደንቡ ነው። እኔ እናቴን ቆጠርሁ፣ አለቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ማን እንዳለ እግዜር ይወቅ። አንተ የቤቱ ወንድ ነህ፤ ሰባት ስም አበድረኝ። ታይቱ ብለህ ጀምርና መሪጌታን፣ አባታቸውን፣ ያባታቸውን አባት እያልህ እስከ ሰባት አድርስልኝ። ስም ቢያበድሩት አያልቅ፣ ቢለብሱት አያረጅ።»

«ውሸት ተናገር ነው የምትይኝ?»

«ብድር ነው እንጂ ምን ውሸት አለው።»

«አይ፣ እማዋ። ውሸት ያስፈለገን እኮ እኛው ስለፈራን ነው። እኔ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አጥንት የሚሉት ነገር ከንቱ እንደሆነ አስረዳቸዋለሁ። ያን ጊዜ ለታይቱ ብቻ አይደለም፣ ለስንቱ ልጅ መንገድ ይከፈታል!»

እማዋይሽ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። «እውነቱንማ ያውቁታል፣ ልጄ» አለች።

እያወቁ ለምን እንደሚመጡ ሊጠይቃት ይገባ ነበር። አልጠየቃትም። በሆዱ ንግግሩን ማሰናዳት ጀምሯል።

እናቱም ነገሩ ጆሯቸው ደርሶ ኖሮ ማታ ራት ላይ አነሡበት። «እህል ይበደሩታል፣ በሬ ይበደሩታል» አሉት። «አጥንት ግን ብድር የለውም። ታይቱን አብልቻለሁ፣ አልብሻለሁ፤ ስትዳርም እደግሳለሁ። የባሌን አባቶች ግን አላውስም።»

«እማዬ፣ ይህ ነገር እኮ ጊዜው አልፎበታል።»

«ካለፈበት ምን አስጨነቀህ? አንተ እንደሆንህ ነገ አዲስ አበባ ገብተህ ሹም ትሆናለህ። ከዚህ የምቀበረው እኔ ነኝ።»

«የአባቴን ስም አላበድርም፣ አይስጉ» አላቸው። እናም እፎይ አለ። እናቱን ላያስቀይም፣ እማዋይሽንም ላይከዳ ቀጥ ያለ መንገድ ያገኘ መሰለው፤ እውነት። ሁለት ሴት አንድ ላይ ያስደሰተ ወንድ ግን ሰቆጣ እስካሁን አላየችም።

ቅዳሜ ዕለት ታይቱ ከክሊኒክ ስትመለስ ደጅ ላይ ተገናኙ። እንደ ልጅነታቸው ትቀልድበታለች፤ ጫማውን አይታ «ይኸ ጫማ ከኛ ድንጋይ ጋር ወር አይከርምም» አለችው። ቀጥላም፣ ሳቋን ገታ አድርጋ፣

«እዚያስ ሰው ሲጋባ ይቆጠራል ወይ?» ስትል ጠየቀችው።

«አይቆጠርም። እዚያ የሚያዩት ቆዳ ነው።»

«ቆዳ ይሻላል» አለች ታይቱ። «ሽማግሌ ሳይደክም ከሩቅ ይታያል። አንተንስ ምን አሉህ?»

«ብዙ ነገር» አላትና ፊቱን አዞረ። እሷም ያመመው ቦታ የነካችው መስሏት ወሬ ለወጠች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎቹ መጡ፤ ሦስት ናቸው። መሪያቸው ግራዝማች ገብረ አምላክ፣ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ስንት ደም ያደረቁ፣ ስንት የተጣላ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። «ተቀመጡ» ሲባሉ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ደግሞ ሲለመኑ ተቀመጡ። ጠላ ቀረበላቸው። እመት ወለተ ሐና፣ እማዋይሽና ታይቱ ከመጋረጃው ኋላ ናቸው።

ግራዝማች የልጁን ወገን ቆጠሩ። አሥራተ ማርያም ብለው ጀምረው፣ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያሉ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ከዚያም ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «በናንተ በኩል ደግሞ ይቆጠርልን። ሌላ አይደለም፣ መዛመድ እንዳይኖር ነው» አሉ።

ገብረ ሊባኖስ ተነሣ። ከውጭ አገር ያመጣውን ሙሉ ልብስ ነው የለበሰው። ስንት ዓመት የጠበቀው ቀን የደረሰለት መሰለው።

«ግራዝማች» አለ፣ «ታይቱ የምትቆጠርበት ሰባት ቤት የላትም። አያቷ ጥሩሐረግ በገንዘብ የተገዛች ናት። የገዟትም የኔ አያት ናቸው።»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ዕቃ ወድቆ ተንከባለለ። እሱ ቀጠለ።

«ይህን የምናገረው ማፈር ያለብን እኛ እንጂ እሷ ስላልሆነች ነው። በአጥንት ሰው መናቅ ምን እንደሆነ እኔ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። በሰው አገር አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ጠጉራችንን ልንስተካከል ገባን። ጓደኛዬን የሌላ አገር ሰው ነው ብለው ተቀመጥ አሉት። እኔን ግን…»

እዚህ ላይ ቆም አለ። የማንን ታሪክ እየተናገረ እንደሆነ ያወቀው አሁን ነው። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ይሰሙታል። ምላሱ ወደኋላ አልመለስም አለው።

«…እኔን ግን አንተ ጥቁር ነህ፣ ውጣ ብለው ከደጅ መለሱኝ!»

እንባው ፈሰሰ። እንባውስ የውነት ነበር፤ ነገሩ ነው የውነት ያልሆነ። ሰባት ስም ማበደር ውሸት ነው ያለ ሰው የክላረንስን ቁስል ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ተበደረ።

«እግዚኦ!» አሉ ሽማግሎቹ። ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከልባቸው አዝነዋል።

«እግዜር ይፍረድልህ፣ ልጄ፤ ብዙ ነገር አይተሃል» አሉ። «ግን እኛ ይህን ልንጠይቅህ አልመጣንም። ጥሩሐረግን እኔ አውቃታለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ከዚሁ ደጅ ውኃ አጠጥታኛለች። የልጁ አባትም ያውቃል። የመጣነው ሰባት ስም በጆሯችን ሰምተን፣ “ተቆጥሯል” ብለን ልንመለስ ነበር። ነገ ዘመድ ሲያጉረመርምበት፣ “ሽማግሌ ቆጥሮ ሰምቷል” ብሎ አፍ እንዲያስይዝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፣ ልጄ። አሁን ምን ይዤ ልመለስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

ለገብረ ሊባኖስ፣ እማዋይሽ «እውነቱንማ ያውቁታል» ያለችው ምን ማለት እንደነበረ አሁን ገባው፤ መግባቱ ግን ለማንም አልጠቀመም።

«እያወቃችሁ፣ ታዲያ፣ እንዴት…» ብሎ ሊከራከር ቃጣው።

«እሺ፣ ባንተው እንሂድ» አሉ ግራዝማች። ቁጣ የለባቸውም። «አጥንት የለም አልህ። ሚስት አላገባህም። ታይቱን ታገባታለህ?»

ሁለቱ ሽማግሎችም ወደ ገብረ ሊባኖስ ዞሩ።

«ግራዝማች፣ ታይቱ እኮ… እህቴ ናት።»

የሽማግሌው ፊት እንደ ፋሲካ በራ። «እሰይ! እህትህ ናት? እንግዲያው ምን ችግር አለ፤ የእህትን አጥንት ወንድም ይቆጥራል። ቅድም ያልኸውን እኔ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ከከዳኝ ቆይቷል። እናንተስ ሰምታችኋል?» ሁለቱ ሽማግሎች «ምኑን?» አሉ። ግራዝማች ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ለመቁጠር አሰናዱ። «በል ቁጠርላት። ታይቱ…» አሉና የመጀመሪያዋን ጣት አጠፉ። «…መሪጌታ ገብረ ኪዳን…» ብለው ሁለተኛዋን አጠፉና ጠበቁት።

የቀረው አምስት ስም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ አቡነ ዘበሰማያት የሚያነበንባቸው አምስት ስሞች።

ከመጋረጃው ኋላ እናቱ አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ገብረ ሊባኖስ አንገቱ ላይ ጨርቅ የታሰረ መሰለው። መናገር ከወንበሩ እንደመነሣት ያለ ነገር ነበር፤ አንድ ጊዜ ብድግ ካሉ የሚያልቅ። ጫማውን አየ። የጫማውን ክር አየ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ የሱ ዝምታ ግን ስንት ዓመት ሲነቅዝ ኖሮ እነሆ እዚህም ተከትሎት መጣ።

ግራዝማች ጣቶቻቸውን እንዳጠፉ ብዙ ጠበቁት። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ፣ ዘንጋቸውን ያዙ፣ ተነሡ።

«እንግዲህ መክረን እንመለሳለን» አሉ። እንዲህ ብሎ የሄደ ሽማግሌ እንደማይመለስ የማያውቅ የለም።

እስከዚያ ቀን ድረስ የታይቱ ነገር ሰቆጣ ውስጥ ሹክሹክታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወሬ ሆነ፤ የቤቱ ልጅ፣ ያውም የተማረው፣ በሽማግሌ ፊት ቆሞ መስክሮበታልና። አውቆ እንዳላወቀ ይሆን የነበረው ሁሉ አፉ ተፈታለት። ምንጭ ላይ ታይቱን የሚያውቋት ሴቶች እንስራቸውን ከሷ እንስራ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ ጀመር። አሥራተ ማርያም ሦስት ቀን ከሥራ ቀረ። በአራተኛው ቀን መጣና በበሽተኛው ሁሉ ፊት ታይቱን «እህቴ» ብሎ ጠራት። እሷም የያዘችውን ፋሻ አስቀምጣ ወጣች፤ ወደ ክሊኒኩም አልተመለሰችም።

እማዋይሽ እንደ ወትሮዋ ትሠራለች። ለምሳ ማስታጠቢያውን ይዛ መጥታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች፣ «ውኃው ቀርቧል፣ ይታጠቡ» አለችው። በልጅነቱ አፍንጫውን የጠረገችለት ሴት እንደ እንግዳ ሹም አከበረችው። «ልጄ» የምትለው ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ አልወጣችም። «እማዋ፣ ማሪኝ» ብሎ እጇን ሊይዝ ቢል፣ «ምን አድርገውኝ፣ ጌታዬ» ብላ ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች። እናቱ ደግሞ ያን ሰሞን አብዝተው ይንከባከቡት ነበር። ይህም አመመው።

በሦስተኛው ሳምንት የነጋዴው የሰላሕ ሚስት ሀሊማ ደሴ ወዳሉት ዘመዶቿ ልትሄድ ተነሣች። ታይቱም አብራት ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። ሀሊማ ሱቃቸው ደጅ ላይ ሆና፣ «እኛም ዘንድ ቢሆን ሰው ይቆጠራል፤ ደሴ ግን ማን ማንን ያውቃል» ብላታለች ይባላል። ማንም አያውቀኝም ከሚባልበት አገር ሌላ ተስፋ የሌላት ልጅ ምን ትበል።

የሚሄዱበት ቀን ጥዋት ገብረ ሊባኖስ ማልዶ ተነሥቶ ወደ ቆረም በሚወስደው መንገድ ጠበቃቸው። ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ይዟል፤ ለምን እንደያዘው አላወቀም። አንድ ነገር ግን ቆርጧል፤ ሁሉንም ይነግራታል። ወንበሩን፣ ጨርቁን፣ መስተዋቱን ይነግራታል። የወጣው ክላረንስ፣ የተቀመጠው እሱ እንደሆነ። እውነት መናገር ከዚያ መጀመር ነበረበት።

በቅሎዎቹ ደረሱ። ታይቱ ጥቅልሏን ከኋለኛው በቅሎ ጭነት ላይ እያሰረች ነበር። እናቷን ከቤት ተሰናብታ ነው የወጣችው፤ ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን ረጋ ብሏል።

«ታይቱ፣ ልነግርሽ የምፈልገው…»

«ምንም አትበለኝ» አለችው። «እማዬ ተቀይማሃለች፣ እኔ ግን አልተቀየምሁህም። ያን ዕለት ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ፣ ከደጅ እንደመለሱህ ስትናገር፣ የራሴን ትቼ ላንተ አለቀስሁ። ከዚህ ቤት ሰው ከደጅ መመለስን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ሕመሙን ሳታውቅ ያደረግኸው ቢሆን አልምርህም ነበር።»

ገብረ ሊባኖስ አፉን ከፈተ። ከፊት ሀሊማ «ኧረ ፀሐይ ሳይበረታ!» ብላ ተጣራች።

ታይቱ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችና አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ዞር አለች።

«ጓደኛህስ?» አለችው። «ያ ተቀመጥ ያሉት። አንተን ሲያስወጡህ ተነሣ?»

ፊቷን አየ። እንዲህ አድርጋ ፊት ለፊት ስታየው የመጨረሻዋ መሆኑን አውቋል።

«ተነሣ» አላት።

«እግዜር ይስጠው» አለች ታይቱ። ነጠላዋን አጣፍታ ከበቅሎዎቹ ኋላ ተከተለች።